ሁለት ጣት፣ አንድ ደቂቃ

1

እናቴ ከወደቀች ወዲህ የሰው አንገት አያለሁ። ከመንጋጋ በታች፣ ከማንቁርት ጎን፣ ቆዳው ሳሳ ያለበትን ቦታ። እዚያ የምትዘል ነገር አለች። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ በስልክ «እኔ ምን ቸገረኝ፣ የራሷ ጉዳይ ነው» ይላል። ድምፁ የረጋ ነው። አንገቱ ላይ የምትዘለውን በሰዓቴ አንድ ደቂቃ ቆጠርኳት። 112።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ያዝኩ። የተባለውን በግራ፣ የታየውን በቀኝ እጽፋለሁ።

2

እናቴ የወደቀችው ለእንግዳ ተነሥታ ነው። ዱካ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ገቡ። «ኖር!» ብላ ብድግ። እሳቸው «በእግዜር!» ሲሉ እሷ መሬት ነበረች። ቅንድቧ ላይ አራት ስፌት።

ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ምክንያት ይዞ መጣ። አንዱ ምንጣፉን ወቀሰ፤ አንዷ ዓይነ ጥላ ነው አለች፤ አንዱ ጾሙ ነው አለ። እያንዳንዱ ጠያቂ በገባ ቁጥር ደግሞ እናቴ ግንባሯን በፋሻ እንደታሰረች ከተኛችበት ልትነሣ ትሞክራለች። «ኖር!» «ኧረ በእግዜር!» በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደተባለ አላውቅም። ያኔ መቁጠር አልጀመርኩም ነበር።

3

ሰው ከተቀመጠበት ወይም ከተኛበት ሲነሣ ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ደም ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል። ግፊቱ ይወርዳል።

በአንገት ግራና ቀኝ ካሮቲድ የሚባለው ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ እንደዚሁም ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ቅስት ላይ፣ የግድግዳውን መለጠጥ የሚለኩ የነርቭ ጫፎች አሉ። መለጠጡ ሲቀንስ ወደ አንጎል ግንድ የሚልኩት መልእክት ይሳሳል። እዚያ ያለችው ሜዱላ መሳሳቱን ታውቃለች። ልብን ፍጠኚ ትላለች፤ ደም ሥሮችን ጥበቡ ትላለች። ይህ ሁሉ የሚጀመረው ሰውየው «ኖር» ብሎ አፉን ሳይዘጋ ነው። ጤነኛ ሰው ብድግ ሲል ልቡ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ምት ትጨምራለች። ሰውየው ግን የሚያስበው ስለ እንግዳው ነው።

ዕድሜ ሲገፋ የደም ቅዳው ግድግዳ ይደርቃል። የደረቀ ነገር አይለጠጥም፤ የማይለጠጥ ነገር በደንብ አይለካም። ላዩ ላይ የግፊት መድኃኒት ሲጨመርበት መልሱ ይዘገያል። ጥቂት ሰከንድ ብቻ። ለቅንድብ ግን በቂ ነው።

4

ሐኪሙ እናቴን ቀስ ብሎ አስረዳት። «መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይበሉ። እግርዎን ያወዛውዙ። ትንሽ ይቆዩ። ከዚያ ይነሡ። በችኮላ ብድግ እንዳይሉ።»

«እሺ የኔ ልጅ፣ አልነሣም» አለች።

ሊሸኘን ከወንበሩ ሲነሣ እሷም ብድግ አለች።

5

ግፊቴን ልለካ ሄድኩ። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። ስሜ ሲጠራ ገና ደረጃ ላይ ነበርኩ፤ እያለከለክሁ ገባሁ። ነርሷ ክንዴን አሰረች። «ሥራህ ምንድን ነው? አግብተሃል? ጨው ታበዛለህ?» እኔ እመልሳለሁ፣ መሣሪያው ይነፋል። «ከፍ ብሏል» አለች።

ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አለ። ከመለካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ይረፉ። ጀርባዎን ይደገፉ። እግርዎን አያጣምሩ። ሲለኩ አያውሩ።

ልጅቷን አልወቅሳትም። ከበሩ ውጭ ሃያ ሰው ተሰልፏል። ነገር ግን በዚያ ቁጥር ብቻ ለዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚጀምር ሰው ይኖራል ብዬ ስላሰብኩ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሐኪም ጋውን ባየ ቁጥር ግፊቱ የሚወጣ፣ ቤቱ ሲለካ የሚወርድ ሰውም አለ። ሐኪሞቹ የነጭ ጋውን ግፊት ይሉታል።

6

ልብ ከማንም ትእዛዝ ሳትጠብቅ ትመታለች። በቀኝ የላይኛው ክፍሏ ግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ የሴሎች ጥርቅም ምቱን ትቀሰቅሳለች። ነርቭም ሆርሞንም ባይነካት፣ በወጣት ሰው በደቂቃ ወደ 100 ጊዜ ትመታለች። ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ግን 70 ገደማ ያገኛል።

ሠላሳው የት ሄደ?

ከአንጎል ግንድ የሚነሣ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። በላቲን ተንከራታች ማለት ነው። በአንገት ወርዶ፣ ልብን ነክቶ፣ ሳንባን ነክቶ እስከ ሆድ ይዘልቃል። ቀንና ሌሊት ልብን ይይዛታል። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ሹፌር እግሩን ከፍሬኑ አያነሣም። መኪናዋ ቀስ እያለች ትወርዳለች። መንገድ ዳር የቆመ ሰው መኪናዋን ያያል፤ የሹፌሩን እግር አያይም።

ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚያርፍ ሰው ስናይ «ምንም እየሠራ አይደለም» እንላለን።

7

ነዳጅም አለ። ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ነርቮች ልብን ያፈጥናሉ። ከኩላሊት ላይ የተቀመጡት እጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ነዳጁ እስኪደርስ ሰከንዶች ያልፋሉ። ፍሬኑ ግን በአንድ ምት ጊዜ ውስጥ ይያዛል፣ ይለቀቃል።

ስለዚህ ታክሲ ሊያመልጠው ሲል ድንገት የሚሮጥ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ልቡ የፈጠነችው ተገፍታ አይደለም። ተለቃ ነው።

8

እ.ኤ.አ. በ1967 በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ክርስቲያን ባርናርድ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ አደረገ። ታካሚው ሉዊስ ዋሽካንስኪ 18 ቀን ኖረ። ዛሬ በሰው ልብ ብዙ ዓመት የሚኖሩ አሉ።

የምትተከለው ልብ ነርቮቿ ተቆርጠው ነው የምትመጣው። የደም ቧንቧው ይሰፋል፤ ነርቩ አይሰፋም። ፍሬን የላትም፤ ባለቤቷ ተኝቶም 90፣ 100 ትመታለች። ውሻ ድንገት ቢጮህበት ሰውየው ይደነግጣል፤ ልቡ ትዘገያለች፣ አድሬናሊኑ በደም ተጉዞ እስኪደርሳት ድረስ። ደረጃ ሲጀምር አትከተለውም። ጨርሶ ሲቀመጥ ገና ትሮጣለች። ሐኪሞች ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከስፖርት በፊት ረዘም አድርገህ ተሟሟቅ፣ ስትጨርስም ቀስ ብለህ አብርድ ይሉታል። ከጊዜ በኋላ አንዳንዱ ነርቭ መልሶ ይበቅላል። ሁሉም አይደለም።

እኛ «ልቤ ደነገጠ» እንላለን። እሱ ሲደነግጥ ምን እንደሚል ለማወቅ እፈልጋለሁ።

9

እ.ኤ.አ. በ1845 ኤርንስትና ኤድዋርድ ቬበር የተባሉ ጀርመናውያን ወንድማማቾች ቬገስን በኤሌክትሪክ ቀሰቀሱ። ልብ ዘገየች፤ ሲያጠነክሩት ቆመች። እስከዚያ ድረስ ነርቭ የሚታወቀው በማሠራት ነበር። ሲቀሰቀስ ሥራ የሚያስቆም ነርቭ ማየት አዲስ ነገር ሆነ።

10

እ.ኤ.አ. በ1920 የፋሲካ ሰሞን በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ ኦቶ ሎዊ ሕልም አየ። ነቅቶ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገና ተኛ። ጠዋት የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕልሙ ተመለሰ። አሁን ወረቀት አልፈለገም። ተነሥቶ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ።

ሁለት የእንቁራሪት ልብ አዘጋጀ። አንዷ ከነቬገሷ፣ ሌላዋ ነርቭ የላትም። የመጀመሪያዋን ቬገስ ቀሰቀሰው፤ ዘገየች። ያረፈችበትን ጨዋማ ውኃ ቀድቶ ለሁለተኛዋ ሰጣት። ማንም ሳይነካት እሷም ዘገየች። መልእክቱ ውኃው ውስጥ ነበር። ዛሬ አሴቲልኮሊን እንለዋለን።

በ1936 ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ አሰሩት፤ አይሁዳዊ ነበር። ከአገር እንዲወጣ የለቀቁት የሽልማቱን ገንዘብ ካስረከበ በኋላ ነው።

ደብተሬን ራስጌዬ አድርጌ ነው የምተኛው። ሌሊት ስጽፍ በትልልቅ ፊደል እጽፋለሁ።

11

ሰፈራችን ከቆሻሻ መጣያው ጎን፣ አበባው ነጭ ጡሩምባ የመሰለ፣ ፍሬው እሾሃም የሆነ አረም ይበቅላል። አስተናግር ይሉታል፤ አጤ ፋሪስም ይባላል። የበላው ይለፈልፋል። የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ልቡ ይጋልባል። ውስጡ አትሮፒን አለ። አትሮፒን የቬገስን ቃል ልብ እንዳትሰማ ያደርጋታል። ፍሬኑ ይበጠሳል።

ይኸው አትሮፒን በትንሽ ብልቃጥ ሆኖ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ልቡ ያለ ልክ ለዘገየ ሰው በደም ሥር ይሰጣል።

ሕፃናት በዚያ አረም ፍሬ «ዕቃ ዕቃ» ሲጫወቱ ሁለት ጊዜ አገኘኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ ነቀልኩት። ክረምት ሲመጣ ይመለሳል።

12

ጓሮው ውስጥ ጎመን ላይ ማላታይን የሚረጭ ጎረቤት አየሁ። አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኗል። እጁ ባዶ ነው። «ጋሼ፣ ጓንት ቢያደርጉ» አልኩ።

«ይሄ እኮ የተባይ ነው፤ ሰው አይነካም።»

ተባዩን የሚገድለው አሴቲልኮሊን እንዳይሰባበር ከልክሎ ነው። አሴቲልኮሊን በተባይም በሰውም አንድ ነው። ሰውነቱ ውስጥ በብዛት የገባበት ሰው የቬገስ መልእክት ማብቂያ ያጣበታል። ምራቁ ይዝረከረካል፣ ብሌኑ ይጠባል፣ ልቡ ልትዘገይ ትችላለች። ለእሱም የሚሰጠው አትሮፒን ነው።

የነጠላው ጫፍ በመድኃኒቱ ርሶ ነበር። ረጭቶ ሲጨርስ ፊቱን ጠረገበት።

13

ደም የሚለገስበት ድንኳን። ትከሻው የሰፋ ጎረምሳ «መርፌ ምኗ ናት» ይላል። አጠገቡ ያለችው ቀጭን ልጅ ፊቷን አዙራ ከንፈሯን ነክሳለች። እሷ ሰጠች፣ ብስኩቷን በላች፣ ሄደች። እሱ ከረጢቱ ሲሞላ አየ። አዛጋ። ደግሞ አዛጋ። ግንባሩ ላይ ላብ ፈሰሰ፤ ከንፈሩ አመድ መሰለ። አንገቱ ላይ ስትጋልብ የነበረችው ነገር ጠፋችብኝ።

ልብ መጀመሪያ ትፈጥናለች። ከዚያ ድንገት ነገሩ ይገለበጣል። ቬገስ አጥብቆ ይይዛል፤ ደም ሥሮች ይላላሉ፤ ደም እግር ላይ ይቀራል። ልብ ትዘገያለች፣ ግፊት ይወርዳል፣ አንጎል ደም ያጣል። ፍርሃት ልብን ያስሮጣል ሲባል ነው የሰማሁት። ይህኛው ይይዛታል።

ነርሷ ወንበሩን ወደኋላ ዘርግታ እግሩን ሰቀለችለት። ብዙ ሳይቆይ ዓይኑን ገለጠ።

«አልወደቅኩም» አለ። «ቁርስ ስላልበላሁ ነው።»

ለሚቀጥለው ጊዜ ነገረችው። ማዛጋቱና ላቡ ሲጀምሩህ ጭንህንና ባትህን አጥብቀህ ጨምቅ፣ ቡጢህን ጨብጥ። የተጨመቀ ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። አንገቱን ነቀነቀ። «እኔ እንኳ አያስፈልገኝም» አለ።

14

የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ አንዲት ሴት ወደቀች። ሰው ተረባረበ። «አንሷት! አንሷት!» ሁለት ሰዎች በብብቷ ይዘው አቆሟት። አንገቷ ተንጠለጠለ። አንዱ ውኃ ደፋባት። አንዱ ክብሪት ጫረ። አንዱ «አየር አየር!» እያለ ከፊቷ ቆመ።

አስተኝተው እግሯን ከፍ ቢያደርጉላት ደሙ በራሱ ይመለስ ነበር። መውደቋ ግማሽ ሕክምና ነው፤ አካል ራሱን አስተኝቶ ደሙን ወደ አንጎል ያቀርባል። እነሱ ያንን ነጠቋት። ክፋት የለባቸውም። አንዱ ኮቱን አውልቆ አልብሷታል፤ ሌላው ቦርሳዋን ይጠብቃል። እንዲያስተኟት ለመንኩ።

«መሬት ላይ? ሰው አይደለችም እንዴ?» አሉኝ።

ነጠላዋን አንጥፌ አስተኛኋት፤ እግሯን ቦርሳዋ ላይ ሰቀልኩ። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የነካችው ቀሚሷን ነው፤ ጉልበቷን መሸፈኑን አረጋገጠች።

15

ቆሞ የማይንቀሳቀስ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል። ለሰልፍ እንደ ሐውልት የቆሙ ወታደሮች ሲወድቁ የሚታዩት ለዚህ ነው። ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ ሲጨመቅ ብቻ።

በማኅሌት ሌሊት መዘምራኑ ለሰዓታት ይቆማሉ። በመቋሚያ ይደገፋሉ። ወደ ግራ ያዘነብላሉ፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። ዓይኔን ከጸናጽሉ አንሥቼ እግራቸውን አየሁ። ተረከዝ ይነሣል፣ ይወርዳል። ባት ይጠብቃል፣ ይላላል።

ጠዋት ቅዳሴ ላይ ከዓምዱ ሥር ደርቆ የቆመ ወጣት ነበር። ወንጌል ሲነበብ እየተንሸራተተ ቁጭ አለ። አንድ አባት መቋሚያቸውን ሰጡት። «እግርህን አንቀሳቅስ ልጄ» አሉት። በኋላ ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኋቸው።

«መቆም» አሉኝ።

16

መስቀል አደባባይ፣ ንጋት ላይ። አሠልጣኙ ፊሽካ ነፋ። «ልባችሁን ቁጠሩ!» ሠላሳ ሰው እጁን ወደ አንገቱ ላከ። አንዳንዱ በሁለቱም ጎን አንቆ ይዟል። እዚያ ጫን ሲባል ግድግዳው ይለጠጣል፤ ለካኞቹ የነርቭ ጫፎች «ግፊት በዛ» ይላሉ፤ ሜዱላ ልብን ታዘገያለች። የሚቆጠረው የጣት ሥራ ይሆናል። በአዛውንት አንገት ላይ ደግሞ ሊጥል የሚችል ነገር ነው። ከረባት አጥብቆ አንገቱን ሲያዞር ራሱን የሚስት ሽማግሌም አለ።

«በእጅ አንጓ ቢቆጥሩስ?» አልኩት አሠልጣኙን።

«እጅ ላይ አይገኝም።»

እጁን ተቀበልኩትና ከአውራ ጣቱ በታች ሁለት ጣቴን አሳረፍኩ። 48። የረጅም ርቀት ሯጭ ነበር፤ እንዲህ ያለ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ትረጫለችና መቸኮል የለባትም። ራሱም ጣቱን አሳረፈና ዝም ብሎ አዳመጠ። ቀጣዩ ፊሽካ ዘገየ።

17

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። 25 ኪሎ ጤፍ መሬት አስቀምጬ ደረጃው ሥር አረፍኩ። 74። ከረጢቱን አየሁት፣ ደረጃውን አየሁት፣ ሳልነካው እንደገና ቆጠርኩ። 83።

አንጎል ጡንቻን ሊያዝ ሲሰናዳ ልብንም አብሮ ያዛታል።

18

በሳፋ ቀዝቃዛ ውኃ ሞላሁ። ትንፋሼን ይዤ ፊቴን ነከርኩ። እህቴ አንጓዬን ይዛለች። 76 የነበረው 60 ሆነ። ቅዝቃዜው ከግንባርና ከአፍንጫ ዙሪያ ትራይጀሚናል በሚባል ነርቭ ይገባል፤ መልሱ በቬገስ ይወጣል። ዳክዬም ሲጠልቅ ልቡ እንዲሁ ትዘገያለች።

«ምንም አልፈራሁም» አለች እህቴ። የእሷን ቆጠርኩ። 98።

ልቡ ያለ ልክ ለሚጋልብ ጨቅላ ሐኪሞች በረዶ የያዘ ከረጢት ለጥቂት ሰከንድ ፊቱ ላይ ያሳርፋሉ። ሐኪም ቤት፣ ሐኪም ባለበት። ስንቷ ልብ በዚያ ቅጽበት ተመልሳ ወደ ልኳ ትገባለች።

19

ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ ስሪንጅ አለ። ሰውየው 15 ሰከንድ ያህል የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ በአፉ እየነፋ ያምጣል፤ ገፊው ንቅንቅ እስኪል። ከዚያ በፍጥነት በጀርባው አስተኝተው እግሩን ይሰቅሉለታል። ደሙ ወደ ልብ ይጎርፋል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ቬገስ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንግሊዝ የወጣ ጥናት ተቀምጦ ብቻ ማማጥን ከዚህኛው ጋር አወዳደረ። ቁጭ ባሉት ከ100 በ17ቱ ልብ ወደ ልኳ ተመለሰች፤ እግራቸው በተሰቀለው በ43ቱ።

ልዩነቱ አንድ ሰው እግር ማንሣቱ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

20

ትንፋሽ ሲገባ ልብ ትፈጥናለች፤ ሲወጣ ትዘገያለች። በወጣት ላይ ጎልቶ ይሰማል። የእህቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አንጓው ላይ ጣቴን አሳርፌ በረጅሙ ተንፍስ ስለው ምቱ ይርቃል፣ ይቀርባል። «ልቤ ተበላሽቷል?» አለኝ። ጤናህ ነው አልኩት። አላመነኝም።

እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በላቲን መቁጠሪያ የሚጸልዩ ሰዎችን ለኩ። ጸሎቱ ትንፋሻቸውን በደቂቃ ወደ 6 አውርዶት፣ የልባቸውና የግፊታቸው ሞገድ ከትንፋሹ ጋር አብሮ ሲሄድ አገኙ።

እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ስትቀመጥ ከክፍሉ እወጣለሁ። እዚያ ላይ አልቆጥርም።

21

የመኪና አደጋ። ወጣቱ ራሱን ተመቶ ነበር። መጀመሪያ አወራ፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። ያመጣው ጓደኛው አንጓውን ይዞ «ተመስገን፣ ልቡ ረጋ» አለ። ነርሷ ቆጠረች። 46። ግፊቱን ለካች፤ ወጥቷል። አልጋውን ራሷ እየገፋች ሮጠች።

የራስ ቅል ውስጥ ደም ሲጠራቀም አንጎል ይጨመቃል። ሰውነት ደም ሊያደርስለት ግፊቱን ይሰቅላል፤ ለካኞቹ ግፊቱን አይተው ልብን ያዘገያሉ። በራስ ጉዳት ላይ ቀስ ያለች ልብ የምትናገረው ስለ ጥድፊያ ነው።

ጓደኛው ኮሪደሩ ላይ ቀረ። «ረግቶ ነበር እኮ» ይላል።

22

ምርቃና ላይ ያለ ጓደኛዬ «አሁን ነው የረጋሁት» አለኝ። እጁን ሰጠኝ። 108። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሲምፓቴቲክ ነርቮችን ጫፍ ያስተፋቸዋል።

23

አማርኛችን ማሰብን ለልብ ሰጥቷታል። ልብ በል። ልብ ወለድ። ልበ ቢስ። የሕክምና መጽሐፍ ግን ልብን ታዛዥ አድርጎ ያስቀምጣታል፤ ትእዛዙ ከሜዱላ ነው።

ያው መጽሐፍ ስለ ቬገስ ሲጽፍ በውስጡ ካሉት ክሮች ከ100 ወደ 80 የሚሆኑት ከአንጎል ወደ ታች ሳይሆን ከደረትና ከሆድ ወደ አንጎል የሚናገሩ ናቸው ይላል።

እናቴ «ልቤ ነግሮኝ ነበር» ስትል ድሮ እቆጣት ነበር።

24

ዛሬ ጠዋት። ደወል ተደውሏል። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ ይወዛወዛል። የቅንድቧ ስፌት ጠባሳ ሆኗል። ሁለት ጣቴ አንጓዋ ላይ ነው። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ ከሥሩ ምቱ ጠጠር ያለ ነው። 66።

«ልነሣ?»

«ቆይ።»

ዝም ተባባልን። ምጣድ የምታስስ ጎረቤት ድምፅ መጣ።

«አሁን ተነሺ።»

ትከሻዬን ይዛ ተነሣች። አንድ ምት። ሁለት። ሦስተኛዋ የቀረች መሰለኝ፤ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ መጡ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ተከታትለው። 80። ትንሽ ቆየና 74። ዓይኗን አየሁት። አልጨለመም።

በሩ ተንኳኳ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው።

«ኖር!» አለች። ቆማ ነበር።